አምስት ስቴት በሰባት ቀን? ይቅርብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ብያለሁ ከሂውስተን። የጉዞ አምዳችሁን ሳላነብ ያለፍኩት ሳምንት የለም፣ ግን እውነቱን ልናገርና አንዳንዱን አንብቤ ስጨርስ እኔ ራሴ ይደክመኛል። ሁሌ ሩጫ ነው። ጠዋት ሙዚየም፣ ቀን ሀውልት፣ ከሰአት ሌላ ከተማ፣ ማታ ደሞ "እንዳያመልጥዎ" የተባለ ማማ ላይ መውጣት። እንዳያመልጠኝ የምፈልገው እንቅልፌ ቢሆንስ?

ይሄን የምለው ሳልሞክረው አይደለም። አምና እኔና ባለቤቴ አምስት ስቴት በሰባት ቀን ብለን ወጥተን ነበር፣ ስንመለስ ልጆቹ አኩርፈዋል፣ እኔ ወገቤን ይዣለሁ፣ ፎቶውን ስናይ ደሞ ይሄ ድልድይ የት ነበር ብለን ተከራክረን እስካሁን አልተስማማንም። ዘንድሮ ጁን ላይ ግን ባለቤቴ ሶስት ቀን ፈቃድ አገኘች፣ እኔም አለቃዬን ለመንኩ፣ አማቴ እማማም ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ነበሩና ከሁለቱ ልጆች ጋር አምስት ሆነን አርቪ ተከራይተን ወደ ፓድሬ አይላንድ ወረድን። የምጽፍላችሁ ስለ መሃለኛዋ አንድ ቀን ነው። ያቺን ቀን ምንም አላደረግንም ማለት ይቻላል፣ ልጆቼ ግን እስካሁን የሚያወሩት ስለሷ ነው።

አርቪ ለማታውቁት፣ ከኋላው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። የኛው ርዝመቱ 25 ጫማ ነበር፣ ክላስ ሲ የሚሉት፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው አይነት፣ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ልጆቹ ያን የላይኛውን አልጋ ካዩ በኋላ ሌላውን የመኪና ክፍል ማየት አልፈለጉም። ሆዱ ስር ሶስት ታንከር አለው፣ አንዱ የንጹህ ውሃ፣ አንዱ የእቃ ማጠቢያውና የሻወሩ እጣቢ የሚጠራቀምበት፣ ሶስተኛው የሽንት ቤቱ። አከራዩ ሰውዬ በአስር ደቂቃ ሁሉንም አሳየኝ፣ እኔም ገባኝ ገባኝ እያልኩ አንዱም ሳይገባኝ ቁልፉን ተቀበልኩ። ውሃው ሙሉ ነው ብሎኝ ነበር፣ አራት ሰአት ነድተን ደርሰን መለኪያውን ስናየው ሩብ ላይ ቆሟል። ደግነቱ ካምፑ መግቢያ አካባቢ ውሃ የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ቢሆንም ተከራይታችሁ የምትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት ራሳችሁ የመለኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ እዩ፣ የሰው ቃል አትመኑ።

ፓድሬ አይላንድ ከኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ወጣ ብሎ በሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ዳር የተጋደመ ቀጭን ረጅም የአሸዋ ደሴት ነው። መንግስት ከ1962 ጀምሮ (አመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በብሄራዊ ፓርክነት የሚጠብቀው ክፍል 113 ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሰው ሳይገነባበት ከቀሩት እንዲህ አይነት ደሴቶች በአለም ላይ ረጅሙ እሱ ነው። ከጎብኚዎች ማእከሉና ከካምፑ ውጪ ሆቴል የለ፣ ሱቅ የለ፣ በቃ አሸዋ፣ ሳርና ባህር። ያደርንበት ካምፕ ማላኪት ይባላል፣ ቀድሞ የመጣ ይይዛል፣ ለአንድ ሌሊት የከፈልነው 14 ዶላር ነው (የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው)። መብራት የሚሰካበት ግን የለም። ኤሲ የሚሰራው ጄኔሬተር ካስነሳችሁ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጄኔሬተር ክልክል ነው፣ በቴክሳስ ጁን ላይ ያለ ኤሲ መተኛት ማለት ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። እኛን ያወጣን ነፋሱ ነው። ከባህሩ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ተኛን፣ እማማ እንደውም ብርድ ልብስ አምጡ አሉ።

በማግስቱ ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችን። ፓርኩ የባህር ኤሊ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ህዝብ እያየ ወደ ባህር ይለቃቸዋል፣ ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ነው፣ ቀኑ ግን በፕሮግራም አይያዝም፣ እንቁላሉ በፈለገው ሰአት ነው የሚፈነዳው፣ ስለዚህ በስልክ መስመራቸው ላይ የሚተውትን መልእክት እየደወሉ መስማት ነው። እሷ ማታ ስትደውል "ነገ ጠዋት" ይላል። እድል ነው፣ ሌላ ምን እለዋለሁ፣ ሳምንት ሙሉ ጠብቀው ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

ጸሀይ ልትወጣ ስትል ጎብኚዎች ማእከሉ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ላይ ህዝቡ ገመድ ይዞ ተደርድሯል፣ ህጻን አዋቂው ዝም ብሎ፣ ፍላሽ የለ ጩኸት የለ። የፓርኩ ሰራተኞች ጫጩቶቹን ከሳጥን አውጥተው አሸዋው ላይ አስቀመጧቸው። አንዷ አራት ሳንቲሜትር ብትሆን ነው፣ ከሰል የመሰለች፣ በአራት መቅዘፊያ አሸዋውን እየቧጨረች ሶስት እርምጃ ትሄድና ታርፋለች፣ ደሞ ትነሳለች። ሲገል የሚባለው የባህር ወፍ ከላይ ያንዣብባል፣ እንዳይለቅማቸው ሰራተኞቹ መረብ ዘርግተው ይከላከላሉ። ልጄ ትንሿ ወደኋላ የቀረችውን አንዷን መርጣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለች በሹክሹክታ ታበረታታታለች፣ ማእበሉ መጥቶ ወደ ኋላ ወረወራት፣ ሁሉም ሰው እኩል "ኡፍ" አለ፣ በሁለተኛው ማእበል ሄደች። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆይተው "ይቺ ናት ይሄን ሁሉ ሰው በሌሊት ያስነሳችው?" አሉኝ።

እሷ ናት እማማ፣ አልኳቸው። ኬምፕስ ሪድሊ ይሏታል፣ ከባህር ኤሊዎች ሁሉ ትንሿና ለመጥፋት የቀረበችው ናት። በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾ ኑዌቮ በሚባል ባህር ዳር በአንድ ቀን ብቻ 40,000 ገደማ እናቶች እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ አንድ ሰው በፊልም ቀርጿል፣ በ1985 በአመት የተገኘው ጎጆ (እንቁላል የጣሉበት ጉድጓድ) ሁሉ ተደምሮ 702 ነበር። እንቁላሉን ሰው እየቆፈረ በላው፣ ትልልቆቹን የሽሪምፕ መረብ ጨረሳቸው። ሴቷ አድጋ እንቁላል ለመጣል ወደ ተፈለፈለችበት አሸዋ ነው የምትመለሰው፣ ስለዚህ ከ1978 እስከ 1988 እንቁላሉን በፓድሬ አይላንድ አሸዋ ውስጥ አድርገው ከሜክሲኮ እያመጡ እዚህ አስፈለፈሉት፣ ሀገራችን እዚህ ነው ብለው እንዲያስቡ ማለት ነው። ተታለሉም እንበል፣ ተመልሰው መጡ። እማማ ይሄን ሁሉ ሰምተው "ታዲያ እናትየዋ አሁን የት ናት?" ብለው ጠየቁ። ጥላቸው ሄዳለች ስላቸው ፊታቸው ተቀየረ፣ ቀኑን ሙሉ ለእናትየዋ ይቅርታ አላደረጉላትም።

ከዛ ተመልሰን ተኛን። ልብ በሉ፣ ጠዋት ሁለት ሰአት ተኩል ላይ፣ እረፍት ላይ ሆነን፣ እንደገና ተኛን! አምና በዚህ ሰአት ሁለተኛውን ሙዚየም እየጨረስን ነበር።

ስንነሳ ባለቤቴ ሽታው አስጠላኝ አለች። ሳርጋሰም የሚሉት ቡናማ የባህር አረም አለ፣ በጋ ላይ እየተገፋ መጥቶ ዳሩ ላይ ይከመርና በጸሀይ ሲበሰብስ እንቁላል እንቁላል ይሸታል፣ የጉዞ ፎቶዎች ላይ አይታይም። ኋላ ስናነብ ግን ጠዋት ያየናቸው ጫጩቶች ባህር ገብተው የመጀመሪያ አመታቸውን የሚደበቁት እዚሁ አረም ውስጥ ነው፣ ምግባቸውም ቤታቸውም እሱ ነው። ባለቤቴ ከዛ በኋላ ስለ ሽታው አላነሳችም፣ ወንበሯን ብቻ ወደ ነፋሱ አዙራ አረሙን ከኋላዋ አደረገችው። አረሙ መሃል ደሞ ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነገር ታገኛላችሁ፣ እንዳትነኩ! ማን ኦ ዋር ይባላል፣ ሞቶ አሸዋ ላይ ወድቆ እንኳ ክሩ ይነድፋል። ወንዱ ልጄ በእንጨት ሊነካካው ሲል የጎረቤት ካምፕ ሰውዬ ነው ከሩቅ የጮኸበት።

ካምፑ ጋ ያለው ባህር ዳር መኪና አይገባበትም፣ ወደ ደቡብ ሄድ ስትሉ ግን አስፋልቱ ያልቅና አሸዋው ራሱ መንገድ ይሆናል። የመጀመሪያውን አምስት ማይል ተራ መኪናም ይችለዋል፣ ከዛ ወዲያ ፎር ባይ ፎር ነው፣ በየአምስት ማይሉ ምልክት እያለ እስከ 60 ይሄዳል። ኮንትራታችን ላይ አሸዋ ላይ መንዳት ክልክል ነው ስለሚል እኛ በእግር ወረድን። ደርሰን ሳንጨርስ አንድ ጎረምሳ ፒካፑ ላይ ተጎታች ቤት ቀጥሎ እርጥቡንና የጠነከረውን አሸዋ ትቶ ወደ ላይ፣ ወደ ደረቁ ገብቶ ተቀብሯል። ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ይሽከረከራል፣ በረገጠ ቁጥር አንድ ጣት ይወርዳል። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ "እግርህን አንሳ" አለው መጀመሪያ። ከዛ በየጎማው ተንበርክኮ በትንሽዬ ጌጅ፣ በጎማ አየር መለኪያ ማለት ነው፣ እየለካ እስከ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ድረስ አየሩን አስተነፈሰ፣ ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እያነበበለት። ጠንካራ ጎማ አሸዋውን እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው፣ ሲተነፍስ ግን ሆዱ ሰፍቶ አሸዋው ላይ ይተኛል፣ ክብደቱ ይበተናል፣ አይሰምጥም። እኔና ሌላ ሁለት ሰው በአካፋ ከጎማዎቹ ፊት ጠረግን፣ ጣውላ አስገባን፣ ወጣ። ሸበቶው ሰውዬ ጌጁን ለልጄ ሰጠውና ሄደ። አሁን ልጄ ቤታችን በር ላይ የሚቆም መኪና ሁሉ ጎማውን ካልለካሁ ይላል፣ ጎረቤት ሁለቴ ስሞታ አቅርቧል።

ከሰአት ወደ ፖርት አራንሳስ ሄድን። ባለቤቴ አስራ አንድ የሚታዩ ቦታዎች በስልኳ ጽፋ ነበር። ያየነው ሁለቱን ነው፣ ፌሪውን፣ መኪና የሚያሻግረውን ጀልባ፣ ከቆጠራችሁ ሶስት። ከካምፑ ከአንድ ሰአት ያነሰ መንገድ ነው፣ በሙስታንግ አይላንድ በኩል፣ በቀኝ በኩል በእንጨት እግር ላይ የቆሙ የሀብታም ቤቶች እያየን። ይሄን ልንገራችሁማ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከ1959 ጀምሮ ህግ አለ፣ የባህር ዳሩ አሸዋ እስከ ሳሩ መነሻ ድረስ የህዝብ መመላለሻ ነው፣ ማንም ከቤቴ ፊት ለፊት አትለፍ ብሎ አያግድህም። ባለቤትየው በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣ የሚያየውን ባህር እኛም ፊቱ ወንበር ዘርግተን እናየዋለን። አምዳችሁ ላይ ስለ ባህር ዳር ሆቴል ዋጋ በተጻፈ ቁጥር ይሄ ህግ ትዝ ይለኛል።

ፖርት አራንሳስ ትንሽዬ ከተማ ናት፣ ሰዉ የሚንቀሳቀሰው በጎልፍ ካርት ነው፣ አያትም ከነልጅ ልጆቿ፣ ውሻም ጋቢና ተቀምጦ። ያን የሚያህል አርቪ ይዞ መሃላቸው መግባት ዝሆን ይዞ ሱቅ እንደመግባት ነው፣ ወደቡ ጋ ሰፋ ያለ ቦታ አቁመን በእግር ሄድን። መጀመሪያ የገባነው ታርፖን ኢን ነው፣ በ1886 የተጀመረ የእንጨት ሆቴል፣ በረንዳው ላይ የሚወዛወዙ ወንበሮች ተደርድረዋል። ውስጥ ስትገቡ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በአሳ ቅርፊት ተሸፍኗል፣ ከ7,000 በላይ። ታርፖን የሚባለው አሳ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብር ቀለም ያለው ነው፣ ከተማዋ ራሷ ድሮ በስሙ ነበር የምትጠራው፣ አንዷ ቅርፊቱ መዳፍ ትሞላለች። አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ብዙ አይበላም፣ ስለዚህ ያጠመደው ሰው አንድ ቅርፊት ነቅሎ ስሙን፣ ቀኑንና የአሳውን መጠን ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ቀለሙ የደበዘዘ አለ፣ እንደ ጥፍር የተጠማዘዘ አለ። ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1937 አሳ ሊያጠምዱ መጥተው ስለነበር የሳቸውም ተቀምጧል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አዩና "ሳይበሉት ስማቸውን ጻፉበት?" አሉ። ከዛ በረንዳው ላይ ወጥተው የሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አርባ ደቂቃ። ማንም ምን ልታዘዝ አላላቸውም፣ ማንም ተነሱ አላላቸውም። የባለቤቴ ዝርዝር የተሰረዘው እዛ በረንዳ ላይ ነው።

ሽሪምፕ የበላንበት ቤት ያለችው ሴትዮ ስለ ሃርቬይ ነገረችን። ኦገስት 25፣ 2017 ማታ ነው ሀሪኬኑ፣ ከባህር የሚነሳው ሀይለኛ አውሎ ነፋስ፣ እዚሁ አካባቢ የወጣው፣ ካቴጎሪ 4 (ከአምስቱ ደረጃ አራተኛው)፣ በሰአት 209 ኪሎሜትር ነፋስ። እኛ ሂውስተን ያለነው ሃርቬይን የምናስታውሰው በዝናቡ ነው፣ ሰፈራችን ቀናት ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲቆም፣ ነፋሱን የተቀበለው ማን እንደሆነ አስበንም አናውቅም። ውሃው እስከየት እንደደረሰ ስንጠይቃት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና "እስከዚህ" አለች፣ ከዛ ተጨማሪ ሎሚ ትፈልጋላችሁ ወይ ብላ ሄደች።

ፌሪው የልጆቹ ነው። ከፖርት አራንሳስ ወደ ማዶ መኪና የሚያሻግሩ ጀልባዎች አሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይሰራሉ፣ የስቴቱ መንገድ መስሪያ ቤት ነው የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ነጻ ናቸው። ነጻ መሆናቸውን ስላላወቅኩ ካርዴን በመስኮት አውጥቼ ለተቀባዩ ስዘረጋለት ሰውዬው ካርዱን አይቶ እኔን አይቶ ሳቀና በእጁ ግባ ግባ አለኝ። መሻገሩ አስር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መሃል ላይ ስንደርስ ወደ ኮርፐስ ክሪስቲ ነዳጅ ሊጭን የሚገባ ህንጻ የሚያህል ታንከር በፊታችን አለፈ፣ አፍንጫው ስር ውሃው ተከምሮ፣ ውሃው ላይ ደሞ ዶልፊኖች፣ ሶስት፣ አራት፣ መርከቡ የሚገፋውን ማእበል እየጋለቡ። ለምን እንደዛ እንደሚያደርጉ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ሳይለፉ ስለሚገፋቸው ነው አልኳት። "እንደኛ አርቪ ነዋ" አለች። ማዶ ደርሰን ምንም የምንሰራው ስላልነበረ ዞረን እንደገና ተሰለፍንና ተመለስን። ቤንዚን ማባከን ነው የሚል ካለ ልክ ነው።

ማታ ካምፕ ተመልሰን እራት በላን፣ መብራት የሚባል በአካባቢው ስለሌለ ኮከቡ ዝም ብሎ ተዘርግፏል። ልጆቹ ባትሪ ይዘው ሸርጣን ሊያሳድዱ ሄዱ፣ ጎስት ክራብ የሚሉት፣ አሸዋ የመሰለ፣ መብራት ሲያርፍበት ደንግጦ ይቆምና በጎን ይሮጣል። እማማ ከውጭ ወንበራቸው አልነሳም አሉ። "ግቡ እንጂ፣ ይነፍስብዎታል" ስላቸው "አንተ ግባ፣ እኔ ያቺን ልጅ ልጠብቅ" አሉኝ። የትኛዋን ብዬ ሳስብ ቆየሁ፣ ለካ የጠዋቷን ኤሊ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ፣ እናንተ ስለማትጽፉት። ስትወጡ የእጣቢውንና የሽንት ቤቱን ታንከር ፓርኩ ውስጥ ያለው ማፍሰሻ ቦታ ላይ ትደፋላችሁ። ጓንት፣ ወፍራም ቱቦ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ከዛ የእጣቢውን፣ እጣቢው ቱቦውን እንዲያጥበው፣ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። እኔ ቱቦውን በደንብ ሳላስገባ ነው የከፈትኩት። ጫማዬን እዛው ጥዬ ነው የተነሳሁት። ባለቤቴና ልጆቹ መስኮት ዘግተው ይስቃሉ፣ እማማ ብቻ በሩን ከፍተው ወጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙና ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "ልጄ፣ ቤት ይዞ የዞረ ሽንት ቤቱንም ይዞ ነው የሚዞረው" አሉኝ፣ ከዛ ውሃ አመጡልኝ።

አንባቢያችሁ
ከሂውስተን፣ ቴክሳስ